የቅዳሜው ሰንጠረዥ

ፈትለወርቅ የፊት ውሃ ይዛ ወደ እልፍኝ ስትገባ አማቷን ግራዝማች ባዩን በግንባራቸው ተደፍተው አገኘቻቸው። የተደፉት በሰንጠረዥ ገበታቸው ላይ ነው። ቀዩ የገበታ ጨርቅ ከሥራቸው ተጨማድዷል፤ ከቀንድ የተጠረቡት ንጉሦች፣ ፈረሶችና ወታደሮች ወለሉ ላይ ተበትነዋል።

«አባባ» አለች። «አባባ፣ ነጋ እኮ።»

እጃቸውን ነካች፤ ቀዝቅዟል። ማንቆርቆሪያው ከእጇ ወደቀ። ጩኸቷን ከንፋስ መውጫ ወረድ ብሎ ያለው መንደር ሁሉ ሰማው። ቀኑ እሑድ ስለነበር ከቅዳሴ የሚመለሰው ሁሉ ነጠላውን እንዳጣፋ ወደ ግራዝማች ግቢ ሮጠ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ገና ሳይመጣ ነው። ያኔ በጋይንት ግራዝማች ባዩን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚያውቃቸውም በሹመታቸው ሳይሆን በሰንጠረዣቸው ነው። ደጃዝማች ቤት ተጠርተው ደጃዝማቹን አሸንፈው በሰላም የወጡ ሰው ናቸው፤ ከዚህ በላይ ምን ይባላል! በስተርጅናቸው ግን ከአንድ ሰው በቀር ከማንም ጋር አልጫወትም አሉ። ያ ሰው ከሲማዳ፣ ከወገዳ ጨውና ጨርቅ ጭኖ ለቅዳሜ ገበያ የሚመጣው ነጋዴ አብደላ ነው። የቀረው መንደርተኛ ሥራው ዙሪያውን ከቦ ማየት ነበር። ማየት ስላችሁ ደግሞ አፍ ዘግቶ ማየት እንዳይመስላችሁ። በሰንጠረዥ ዙሪያ ዝም ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም። አንዱ «ፈረሱን!» ሲል፣ ሌላው «አንተ ደንቆሮ፣ ፈረሱን አንስቶ ንጉሡን ማን ሊጠብቅለት ነው!» ይላል። ከሁሉ የሚብሰው የግራዝማች የወንድም ልጅ ታፈረ ነበር። እሱ ያለበት ጨዋታ ላይ ተጫዋቾቹ እንኳ ለመናገር ተራ አያገኙም።

መጀመሪያ የደረሰው አሽከሩ እንየው ነው፤ ቀጥሎ ታፈረ፤ ከዚያ የንስሐ አባታቸው መምሬ ጓዴ።

«እርጅና ነው፤ እግዜር በሰላም ወሰዳቸው» አለ ታፈረ እንባውን በኩታው ጫፍ እየጠረገ። «ሳይረፍድ ይገነዙ።»

ይገነዙም ነበር፤ ባላምባራስ አዱኛ ባይመጡ። ባላምባራስ የመካነ ኢየሱስ ዳኛ ናቸው፤ ለችሎት ንፋስ መውጫ መጥተው እዚያው አድረው ነበርና ለልቅሶ ብቅ አሉ። አጭር ናቸው፣ ቦርጫቸው ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ ሰው ሲያወራቸው ዓይናቸውን ይከድናሉ። ባላገሩ «እንቅልፋሙ ዳኛ» ይላቸዋል። እንቅልፋም! እሳቸው እንዲህ እያንቀላፉ የያዟቸው ሌቦች ቢሰለፉ ሰልፉ እስቴ ይደርሳል።

ባላምባራስ ሬሳውን ከደጃፉ ሲያዩት ዓይናቸው ተከፈተ።

«ማንም እንዳይነካ» አሉ። «ሁላችሁም ውጡ። መምሬ፣ እርስዎ ይቅሩልኝ።»

በሩ ተዘጋ። ውጭ ያለው ሰው ሙሾውን አቋርጦ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ባላምባራስ ሲወጡ እንደገና ዓይናቸው ተከድኗል።

«ግራዝማች በሞታቸው አልሞቱም» አሉ። «በገዛ ጋቢያቸው ታፍነው ነው። ከጥርሳቸው መሐል የጋቢው ክር አለ፤ ከንፈራቸው በውስጥ በኩል ተነክሷል።»

«አብደላ!» ብሎ ጮኸ ታፈረ። «ሌላ ማን ይሆናል! ትናንት ያላለቀ ጨዋታ ነበራቸው። ገበታው ተዘርግቷል፣ ከፊታቸው ያለው መከዳ ተጨፍልቋል። አጎቴ ደግሞ ከሱ በቀር ከማን ጋር ይቀመጣሉ?»

አብደላ ይፈለግ ተባለ። አብደላ የለም! ገና ጎሕ ሳይቀድ በቅሎውን ጭኖ ወደ ወገዳ ወርዷል። ከዚህ በኋላ ሕዝቡን ማን ይመልሰው፤ ጎበዞቹ ፈረሳቸውን ኮልኩለው ቁልቁል በረሩ።

ፈትለወርቅ የጓዳውን ምሰሶ ተደግፋ ቀረች። ከእሷ በቀር ማንም የማያውቀው ነገር ነበርና። ትናንት ከራት በኋላ ያንን መከዳ የጨፈለቀችው እሷ ናት።

ባሏ የግራዝማች ልጅ ነበር። ከወገዳ ተድራ መጥታ፣ ወግ ማዕረግ ሳታይ ሞተባት። በኀዘኑ ዓመት ከጧት እስከ ማታ ስታለቅስ አማቷ አንድ ቀን በሩን ዘግተው ገበታውን ዘረጉና «ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ ዓይንሽ ሥራ ሲይዝ እንባውን ይተዋል» አሏት። እንዲህ ተማረች። ሴት፣ ያውም ምራት፣ ከአማቷ ጋር ሰንጠረዥ ተቀመጠች ቢባል መንደሩ ምን እንደሚል ሁለቱም ያውቁታል፤ ስለዚህ በር ሳይዘጋ ተጫውተው አያውቁም።

ትናንት ማታ ደግሞ ግራዝማች «ይሄ ነጋዴ ነገ ምን ይዞብኝ እንደሚመጣ እንይ። አንቺ አብደላን ሁኚ» አሏት። የቅዳሜው ጨዋታ እንደተቋረጠ ተዘርግቶ ነበር። እሷ እንዝርቷን እያሾረች ብዙ አሰበች። ከዚያ የአብደላን ፊል አነሳች፤ ፊል በሰያፍ አንድ ቤት ዘሎ የሚያርፍ ነው። ከገበታው ዳር፣ ለመበላት አመቻችታ አስቀመጠችው። አማቷ ዳር ቆሞ የኋላውን ረድፍ ይጠብቅ በነበረው ደርራቸው፣ ቀጥ ብሎ በሚሄደው፣ በሉት። በሉና ፊሉን በጭብጣቸው እንደያዙ ገበታውን አዩ፣ አዩ፣ ከዚያ ሳቁ። «ልጄ፣ ያዝሽኝ መሰለኝ! ሂጂ ተኚ፤ እኔ መውጫ ልፈልግ» አሉ። በጓሮ በር ወጥታ ተኛች። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ይህን ብትናገር? ከግራዝማች ጋር መጨረሻ የታየችው እሷ ትሆናለች። መበለት ናት፣ የሲማዳ ልጅ ናት፣ አብደላም የሲማዳ ሰው ነው፤ በመጣ ቁጥር የእናቷን ወሬ የሚነግራት እሱ ነው። «ሁለቱ ሲማዳዎች ተማክረው ገደሏቸው» ለማለት ማን ይሰንፋል! ባትናገር ደግሞ አብደላን ደብረ ታቦር ወስደው ይሰቅሉታል። የማርያም ያለህ፣ ምን ይሻላል!

ይህን ስታስብ ባላምባራስ ከጓዳው ደጃፍ ቆመው አየቻቸው። መቼ እንደመጡ አልሰማችም።

«አልጣሽ» አሉ፣ ጎረቤቷን አሮጊት ጠርተው። «ከዚህች ሴት አጠገብ ተቀመጪ። እኔ እስክፈቅድ ድረስ ማንም እንዳያነጋግራት። ማንም። ታፈረም ቢሆን፣ መምሬም ቢሆኑ።»

ፈትለወርቅ በልቧ አወቁብኝ አለች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ እልፍኝ አስጠሯት። ሬሳው በነጭ ተሸፍኖ መደብ ላይ ተጋድሟል። ባላምባራስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው የተበተነውን ጦር ለቅመው ገበታው ላይ ይደረድራሉ። ሲደረድሩ ደግሞ ያለ ቦታው! ፈረሱን ከንጉሡ ጎን፣ ወታደሩን ከጥግ።

«ይህን ጨዋታ ያላለፈበት አያውቀውም» አሉ ሳያዩዋት። «ትናንት መቼ ተለየሻቸው?»

«ራት አቅርቤ… ከራት በኋላ ጌታዬ።»

«አልተመለስሽም?»

«አልተመለስኩም።»

«ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ድምፅ ሰማሽ?»

«እኔ የምተኛው ከጓሮ ባለው ቤት ነው። ንፋሱም ያፏጭ ነበር። አልሰማሁም።» ይህ እንኳ እውነት ነበር።

«አብደላ ክፉ ሰው ነው?»

«ኧረ አይደለም!» አለች፤ አፏ አመለጣት። «የእናቴን ወሬ የሚያመጣልኝ… ሰላምተኛ ሰው ነው።»

«እህ» አሉ ባላምባራስ። ከዚያ ፊሉን አንስተው በጥግ፣ በደርሩ ቦታ ገተሩት። የፈትለወርቅ ጣት ሳታስበው ወደ ገበታው ተንቀሳቀሰ። ወዲያው በነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው። ባላምባራስ ቀና አላሉም፤ ከተጨፈለቀው መከዳ ሥር አንዲት ብጣቂ ባዘቶ ለቅመው በሁለት ጣታቸው ያሹ ነበር።

«በቃ፣ ሂጂ» አሏት።

ወደ ጓዳ እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም። በእልፍኙና በጓዳው መሐል ያለው ግድግዳ ስስ ነውና እዚያ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች። ታፈረ ገባ።

«አጎትህን መቼ ነው መጨረሻ ያየሃቸው?»

«ቅዳሜ፣ ከአብደላ ጋር ሲጫወቱ። ከዚያ ቤቴ ገባሁ፣ ቤቴ አደርኩ። የምራታቸውን ጩኸት ሰምቼ ነው የመጣሁ፤ በመድኃኔ ዓለም እምላለሁ።»

«አንተም ትጫወታለህ አሉ።»

«አያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከጀርባቸው ቆሜ አይቻለሁ። አብደላ የሚያውቀውን ሁሉ አውቃለሁ።»

«ከሳቸው ጋር ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

«… አልቀመጥኩም።»

ከዚያ አብደላን አመጡት። እጁን የኋሊት አስረውታል፤ በሲማዳ ቁልቁለት አባረው ሲይዙት ወድቆ ጉልበቱ ተልጧል።

«ሳትሰናበት ለምን ሄድክ?» አሉ ባላምባራስ።

«ሚስቴን ሀሊማን ምጥ ያዛት የሚል መልክተኛ ዶሮ ሲጮኽ መጣብኝ። ግራዝማችን በዚያ ሰዓት ልቀሰቅስ? ያደርኩት እዚሁ ነጋዴው ጁነይዲ ቤት ነው። ከማታ ጀምሮ ከሱ አልተለየሁም፣ ይጠየቅልኝ።»

«እስላም ለእስላም ይመሰክራል!» አለ ታፈረ ከደጃፍ።

«ይመስክር። መስማት ምን ጎዳን» አሉ ባላምባራስ። «ይልቅ አብደላ፣ ዛሬ ጨዋታው ቢቀጥል ምን ልታደርግ አስበህ ነበር?»

አብደላ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀም። «እኔ እንጃ ጌታዬ። ተጨንቄ ነበር። በፈረሱ ልገፋ፣ ከተሸነፍኩም ልሸነፍ ብዬ ነው የተኛሁ።»

«ፊል ነበረህ አይደል?»

«ፊሉማ ምን ይሠራል፤ ተዘግቶበታል።»

ፈትለወርቅ ግንባሯን ከግድግዳው አስደገፈች። አልጣሽ «አይዞሽ» ልትላት አፏን ከፈተችና፣ የዳኛውን ትእዛዝ አስታውሳ መልሳ ዘጋችው።

ከቀትር በኋላ ባላምባራስ አውጫጭኝ ጠሩ። ሰው ሁሉ፣ ከደብሩ ካህናት እስከ ንፋስ መውጫ ነጋዴዎች፣ በግራዝማች ግቢ ባለው ጽድ ሥር ተሰበሰበ። ነገሩ ሳይጣራ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ተባለ። ሬሳው እልፍኝ ውስጥ ይጠብቃል። አብደላን ከመሐል አቆሙት። ፈትለወርቅም ከአልጣሽ ጋር ከዳር ተቀመጠች። ባላምባራስ ቀዩን ጨርቅ መሬት ላይ ዘረጉ።

«እኔ መሀይም ነኝ» አሉ። «ቅዳሜ ጨዋታው ሲቋረጥ ጦሩ እንዴት ቆሞ እንደነበረ አስቀምጡልኝ።»

ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ሕዝብ ልቅሶ ላይ መሆኑን ረሳው። ገና ከወረራው ጀምሮ ተጣሉ። ወረራ መቼም ታውቃላችሁ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን እንዳሻቸው የሚያሰልፉበት ነው።

«አብደላ ፈርዙን ቀድሞ አውጥቷል!» አለ እንየው፤ የንጉሡን አማካሪ ማለቱ ነው።

«ዋሸህ! ግራዝማች ናቸው ቀድመው ያወጡት!» አለ ጁነይዲ።

«ለመሆኑ አንተ የት ነበርክና?»

«አፍንጫህ ሥር ነበርኩ!»

እየተሰዳደቡ፣ እየተማማሉ አስቀመጡት። በመጨረሻ ሁሉም ተስማማ። አብደላም እጁ እንደታሰረ አጎንብሶ አየና «አዎ፣ እንዲህ ነበር» አለ።

«ተራው የማን ነበር?»

«የአብደላ!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

«እንግዲህ ምን ቢያደርግ ይሻለው ነበር?»

አንዱ ፈረስ አለ፣ አንዱ ፈርዝ አለ። እጅና ጣት ገበታው ላይ ተራኮተ። ፈትለወርቅ መሬት መሬቱን ታያለች፤ ዓይኗ ፊሉ ላይ ካረፈ ሰው ሁሉ የሚያነብባት ይመስላታል። መምሬ ጓዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምን ያጨቃጭቃችኋል» አሉ። «ግራዝማች አሸንፈዋል። ይሄ የአብደላ ፊል ተገትሮ የቀረ ነው፤ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው።» እጃቸውን ሰደው ፊሉን ከገበታው ሊያነሱት ቃጡ።

«አይንኩት!»

እስከዚያች ሰዓት ጽዱን ተደግፎ ዝም ብሎ የነበረው ታፈረ ነው። ጥርሱን ነክሶ እንደቆየ ያስታውቃል።

«እሱ ነው ምንም አይጠቅምም የሚሉት? ጨዋታው ያለው በሱ ነው እንጂ! ወደ ዳር ይዘላል፣ እዚህ!»

«እዚያ ምን ሊሠራ? በፈረስ ይበሉታል፣ አለቀ» አሉ መምሬ።

«በፈረስ አይደለም፣ በዳሩ ደርር ነው የበሉት!»

ሕዝቡ ሳቀ። «ደርሩን? የኋላውን ረድፍ አራቁተው?» አለ እንየው። «ጌታዬ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠሩም!»

«ልጄ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ስላልተጫወትክ ነው» አሉ መምሬ በርኅራኄ።

ታፈረ ፊቱ ቀላ። «ሳቱ እኮ ነው የምላችሁ! አርጅተዋል፣ ሳቱ! ደርሩን አነሡት፣ ከንጉሡ ጎን ያለችውን ቤት ባዶዋን ጥለዋት ሜዳቁ…»

ቆመ። ሳቁም ቆመ።

ፈትለወርቅ ቀና አለች። ፊሉ እዚያ ዳር ማረፉን፣ በደርር መበላቱን፣ ሜዳቁ፣ ያ እግረኛው ወታደር፣ ባዶዋን ቤት መጠበቁን ከእሷና ከሟቹ በቀር ያየ የለም። በጧት ጦሩ ተበትኖ ነበር። እንግዲህ ይሄ ሰው የት አየው?

«መቼ ሳቱ?» አሉ ባላምባራስ። ዓይናቸው ተከፍቷል።

«ቢጫወቱ… እንዲህ ይሆን ነበር ማለቴ ነው። ገመትኩ።»

«ጎበዝ ገማች ነህ። አሁን ሁላችሁም ስሙኝ። ጧት እኔና መምሬ ከሬሳው ጋር ስንቀር የግራዝማች ግራ እጅ ተጨብጦ ነበር። ስንከፍተው ይሄ ፊል ወጣ። መምሬ?»

«በያዝኩት መስቀል፣ እውነት ነው» አሉ መምሬ ጓዴ።

«ፊሉን ከተበተኑት ጋር ቀላቀልኩት። ለማንም እንዳይናገሩ፣ አውጫጭኙ ላይም ስለ ፊሉ ክፉ ክፉውን እንዲናገሩ መምሬን ለመንኳቸው። ይቅር ይበሉኝ፤ በሰንጠረዥ የንፋስ መውጫን ሰው ሁሉ እንደሚያሸንፉ አውቃለሁ። ፊሉ ቅዳሜ ሲቋረጥ ገበታው ላይ ነበር፤ ይኸው ሁላችሁም መሰከራችሁ። ሲሞቱ ግን በእጃቸው ነበር። ስለዚህ ማታ ከፊታቸው ተቀምጦ የአብደላን ጦር ያንቀሳቀሰ ሰው አለ።»

«አብደላ ነዋ!» አለ ታፈረ።

«አብደላ እስካሁን በፈረስ እገፋለሁ ነው የሚለው። ይህን የፊል ነገር ያወቀ ሰው ደግሞ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ አሁን አየነው አይደል? በዚያ ላይ ከመከዳው ሥር ባዘቶ አግኝቻለሁ። አብደላ ጥጥ ሲፈትል ያየ አለ?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ።

«ያ ሰው ከዚህ ከመሐላችን ተቀምጧል» ቀጠሉ ባላምባራስ፤ ወደ ማንም አላዩም። «ገዳይ ነው አላልኩም። ተነሥቶ የሆነውን ቢናገር የታፈረ ነገር ግምት ይሁን ዕውቀት ይለያል። ባይነሣ ግን እኔ የያዝኩት ይህ የታሰረው ሰው ብቻ ነው።»

ፈትለወርቅ የአብደላን እጅ አየች። ገመዱ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። በሲማዳ ሀሊማ ምጥ ላይ ናት፤ ወልዳ ይሆን፣ ሞታ ይሆን፣ አያውቅም። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም አለች በልቧ። ይህን እያለች እግሯ አስነሣት።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። «እኔ ነኝ የተቀመጥኩት!»

ግቢው ተናወጠ። እሷ ግን ካፏ ከወጣ በኋላ ማቆም አቃታት፤ የኀዘኑን ዓመት፣ የተዘጋውን በር፣ ፊሉን፣ የአማቷን ሳቅ፣ ሁሉንም ተናገረች። «በደርር በሉት። ታፈረ እንዳለው ነው። ልክ እንዳለው።»

«አያችሁ! አያችሁ!» ታፈረ ዘሎ ከመሐል ቆመ። «እሷ ናት የገደለችው! ሲማዳ ለሲማዳ ተማክረው!»

«ትታሰር!» የሚል ድምፅ ከወዲያ ተነሣ። ፈትለወርቅ ሞቷን ፊት ለፊት አየችው። ባላምባራስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ታፈረ። የሷን ነገር አሁን ሰማን። አንተ ግን ከሷ በፊት ነገርከን። ከየት አመጣኸው?»

«እሷ… እሷ ነገረችኝ!»

«አልጣሽ?»

«ማርያምን፣ ከጧት ጀምሮ እኔ እንኳ ቃል አላወጣሁላት!» አለች አልጣሽ። «እሱ ወደ ጓዳው ዝር አላለም።»

«እንግዲያው ማን ነገረህ?»

ታፈረ ግራ ቀኙን አየ። «እሺ፣ መጥቼ ነበር! በበሩ ስንጥቅ አየሁ፣ ተመለስኩ። አልገባሁም!»

«ጧት ቤቴ አደርኩ ብለህ ምለህልኛል፤ እሱን እንተወው። በዚያ ስንጥቅ እኔም አይቻለሁ። የሚታየው የግራዝማች መቀመጫ ጀርባ ነው፤ ገበታውን ይጋርዳል። የዳሩን ደርር ለማየት ገብቶ ከፊታቸው መቆም ያስፈልጋል።»

ታፈረ ወደ ፈትለወርቅ ዞረ፤ ዓይኑ ውስጥ ያየችውን እስከ ዕድሜ ልኳ አልረሳችውም።

«በሩን ዘግተው…» አለ። «እኔን ስንት ዓመት ከጀርባቸው አቁመው፣ በሩን ዘግተው ከሴት ጋር! እሷ ስትወጣ ገባሁ። መውጫው ጠፋኝ ይላሉ። እኔ ላሳይዎ፣ አንድ ቀን እንኳ ያስቀምጡኝ አልኳቸው። ‹አንተ ተመልካች ነህ ታፈረ፤ ቆመህ ከሷ ተማር› ብለው ሳቁ። ጋቢውን… ሳቃቸውን ዝም ላሰኝ ነበር። ዝም ላሰኝ ብዬ ነው።»

የአብደላን ገመድ ፈቱት፤ በዚያው ገመድ ታፈረን አሰሩት። አብደላ የተላጠ እጁን እያሻሸ ገበታው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ልጄ፣ እኔ ይህን ፊል መቶ ዓመት ባስብ አላየውም ነበር» አላት።

«በእውነት መውጫ አልነበራቸውም?» አሉ ባላምባራስ።

ፈትለወርቅ ፊሉን ዳር አሳርፋ አነሣችው፣ በቦታው ደርሩን አኖረች። ሊወስዱት የያዙት ታፈረ እንደታሰረ ተንበረከከ።

«ንጉሡ ወደ ቀኝ ይሽሻ!» አለ።

እሷ ፈረሱን አንቀሳቀሰች። ያም ተዘጋ።

«ፈርዙን ይመልሱት እንግዲያ!»

ሜዳቁን አንድ ቤት ገፋች። ንጉሡን በደርር ወይም በፈረስ መያዝ የማንም ነው፤ በእግረኛ ወታደር መያዝ ግን የሰንጠረዥ ትልቁ ክብር ነው። ታፈረ ገበታውን ለረጅም ጊዜ አየ።

«የለም» አለ በመጨረሻ። «መውጫ የለም።»

ጎትተው አስነሡት። እስከ ግቢው በር ድረስ ዞር እያለ ገበታውን ያይ ነበር። አብደላም በቅሎውን ሳያስጭን ወደ ሲማዳ ጋለበ።

ግራዝማች በዚያው ምሽት ተቀበሩ። ከመገነዛቸው በፊት ፈትለወርቅ ወደ እልፍኝ ብቻዋን ገብታ የአማቷን ግራ እጅ ገለጠችና ፊሉን መለሰችላቸው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ስታጥፋቸው ከጧት ጀምሮ አልወጣ ያላት ለቅሶ ወጣላት። መምሬ ጓዴ ከደጃፍ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ ፈትለወርቅ በሯን ከፍታ ትጫወታለች። አብደላ ገበያ በመጣ ቁጥር ገበታው ይዘረጋል፣ መንደሩም ከቦ ይጯጯሃል። የጎደለው ፊል ቦታ ላይ አንዲት ባቄላ ትቀመጣለች፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ከመጣ፣ ያ ሁሉ ጯሂ ዝም ይላል።